ስድስተኛው አሃዝ

ቁጥሩ ተለውጧል።

ጥድፊያ ዓይኗን ጨፈነችና ገለጠች፤ ስክሪኑን እንደገና አየች። ያው ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ይኸው ማሽን፣ በዚሁ ፕሮግራም፣ በዚሁ ፋይል፣ "አንደኛው ቅርጽ ይሻላል" ብሎ ነበር። ዛሬ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ ማንም ክፉ ሳይናገረው፣ "ሁለተኛው ይሻላል" ብሎ ቁጭ አለ።

"አንተ!" አለችው ማሽኑን። "ትናንት ምን ነበር ያልከኝ?"

ማሽኑ ምን ብሎ ይመልስ! አራቱ ግራፊክስ ካርዶች ማራገቢያቸውን እያጓሩ ሙቅ አየር ጉልበቷ ላይ ይለቁባታል። ወንበር አላት፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ግን ቦርሳዋ ነው። እሷ ቆማ ነው የምትሠራው። ቆማ ትጽፋለች፣ ቆማ ትበላለች፣ ስልክ ስታወራ ኮሪደሩን ከጫፍ ጫፍ ትመላለስበታለች። በሰባት ወሯ ስለተወለደች እናቷ ገና ከአልጋ ሳይነሱ "ይቺ ጥድፊያ" አሏት፤ ታላቅ እህቷ ደግሞ ስሙን መሥሪያ ቤት ድረስ ይዛው መጣች። አሁን ከአስተዳደር ክፍል በቀር እውነተኛ ስሟን የሚያስታውስ ሰው የለም።

ደግሞ እኮ ስሌቱን የደገመችው ተጠራጥራ አይደለም። ከሰዓት በኋላ ለሚመጡት እንግዶች ማሽኑ እንዴት እንደሚፈጥን የሚያሳይ ቪዲዮ ለመቅረጽ ነው። ቪዲዮው ቆንጆ ሆኖ ወጥቷል። የተበላሸው መልሱ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እናስረዳ። እዚህ መሥሪያ ቤት የሚሠራው፣ አንድ ቁስ በእጅ ከመሠራቱ በፊት ውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች እንዴት እንደሚደላደሉ በኮምፒውተር ማስላት ነው። ይህ ከታወቀ፣ ቁሱ የትኛውን ቅርጽ እንደሚወድ ይታወቃል። ድሮ ስሌቱን የሚሠሩት ጥቂት ጎበዝ ፕሮሰሰሮች ነበሩ፤ እንዲህ ያለውን ስሌት ለመጨረስ አምስት ቀን ይፈጅባቸዋል። ጥድፊያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላይ ታች ብላ፣ ለኮምፒውተር ጨዋታ ተብለው ወደተሠሩት ግራፊክስ ካርዶች አዞረችው። በእያንዳንዱ ካርድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ሠራተኞች አሉ ማለት ይቻላል፤ አንዱ ለብቻው ብዙም አይረባም፣ ሁሉም ባንድ ላይ ሲረባረቡ ግን ሌላ ነው። አምስቱ ቀን ሦስት ሰዓት ሆነ። አርባ እጥፍ! አለቃ ይህችን "አርባ እጥፍ" በትልልቅ ፊደል አሳትሞ መግቢያው ላይ ሰቅሏታል።

ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ እነዚህ ካርዶች ረጅም ቁጥር አይወዱም። አጭር ቁጥር ሲሰጧቸው ይበራሉ፤ ከነጥብ በኋላ ብዙ አሃዝ ያለው ሲሰጧቸው ይንፏቀቃሉ። ስለዚህ ጥድፊያ ትልልቁን ነገር በረጅም ቁጥር፣ ጥቃቅኑን በአጭር ቁጥር እንዲሠሩት አደረገች። ጥቃቅኑ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ሠራተኞቹ እንደየአመጣጣቸው እየወረወሩ ይደምሩታል፤ በተደመረ ቁጥር ጫፉ ስለሚቆረጥ የዛሬው አደማመር ከትናንቱ አይገጥምም። ማን ልብ ይለዋል? ነገር ግን የሁለቱ ቅርጾች ልዩነት ያለው እዚያው ቅንጥብጣቢው ውስጥ ነው፤ ከነጥብ በኋላ ስድስተኛው አሃዝ ላይ። ሁለት የተጫኑ መኪናዎችን መዝኖ የትኛው ሹፌር ቁርስ እንደበላ ለማወቅ እንደመሞከር ነው።

ይህም ሁሉ ባልከፋ ነበር። ትናንት ግን ለእህቷ ደውላ፣ "አንደኛው ነው እትዬ! ቶሎ አቀዝቅዢው!" ብላ አፏን ሞልታ ነግራታለች።

እህቷ ኬሚስት ናት፤ ከግቢው ማዶ ባለው ላብራቶሪ ለባትሪ የሚሆን ቁስ ታበስላለች። በእጇ ያለው አንዲት ጠርሙስ ዱቄት ነው። አምስት ወር የጠበቀችው፣ ሁለተኛ የማታገኘው። ዛሬ አስር ሰዓት ላይ ምድጃ ውስጥ ይገባል። የሚወደው አንደኛውን ቅርጽ ከሆነ ከእሳቱ እንደወጣ ባንዴ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሁለተኛውን ከሆነ ሦስት ቀን ሙሉ ቀስ እያለ። ከተሳሳተች ዱቄቱ ለምንም የማይሆን ጥቁር ጠጠር ሆኖ ይቀራል። የእህቷ የሥራ ውል በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል፤ ውጤት ካላሳየች አይታደስም። ይህን ጥድፊያ ከማንም በላይ ታውቃለች።

"ሁለቴ አስኬድሽው?" የሚል ድምፅ ከማሽኖቹ ጀርባ መጣ።

አባባ ዘጠኝ ናቸው። የድሮውን ፕሮግራም ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ይሁን እንጂ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣቸውን ይዘው ይመጡና ከማሽኖቹ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ ሙቀቱ ለጉልበታቸው ተስማምቷቸዋል። ከነጥብ በኋላ ዘጠኝ አሃዝ ካልገጠመ መልስ አይሉትም፣ ስሙም የወጣላቸው በዚሁ ነው።

"አዎ፣ ሁለቴ አስኪጄዋለሁ" አለች ጥድፊያ።

"ገጠመ?"

"ሊገጥም ነው።"

አባባ ዘጠኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። "ቁጥር ታክሲ ነው እንዴ፣ ሊመጣ ነው የሚባለው?"

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ስሌቱን ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳችውና ክፍሉን ትዞረው ጀመር። ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል። እስከዚያ ምን ታድርግ? ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ስክሪን አየች። ስልሳ ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዱ መብራት አንድ ፈተና ነው። የአዲሱን ፕሮግራም መልስ ከአባባ ዘጠኝ ፕሮግራም መልስ ጋር ያስተያያል፤ ከተጣጣሙ አረንጓዴ፣ ካልተጣጣሙ ቀይ። ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። እንዴት ሆኖ? ይህ ሁሉ ቁጥር እየዋዠቀ እንዴት አንድ ቀይ አይበራም?

የፈተናውን ፋይል ከፈተች። ስንት አሃዝ ድረስ መግጠም እንዳለበት የሚናገረውን መስመር ፈለገች። ዘጠኝ መሆን የነበረበት አምስት ይላል።

ደሟ ፈላ። አምስት! አምስት አሃዝ ድረስ ብቻ እያየ እኮ ስድስተኛው ላይ ጉድ ቢፈላ አይሰማም! ማነው ይሄን የነካው? ማን እንደሆነ ለመገመት ብዙ አልተቸገረችም፤ ኮሪደሩን በሩጫ አቋርጣ የጢሞን በር ሳታንኳኳ በረገደችው። ጢሞ ከእሷ ጋር የሚሠራ ፕሮግራመር ነው፤ ፊቱን ለማየት ጢሙን መግለጥ ያስፈልጋል። ዳቦ እየበላ ነበር።

"አንተ ነህ አይደል?"

"ምኑን?"

"መፈተሻውን ከዘጠኝ ወደ አምስት ያወረድከው!"

"እኔ? ኧረ በህግ! ያንን ፋይል ከፍቼውም አላውቅ።"

"ታዲያ ሰይጣን ነው ያወረደው?"

"ለምን ትጮኺብኛለሽ፣ መዝገቡ አለ አይደል" አለና ወደ ኪቦርዱ ዞረ። ማን፣ መቼ፣ የቱን መስመር እንደለወጠ ኮምፒውተሩ ራሱ ይመዘግባል። ጢሞ ፈለገ፣ አገኘ፣ አነበበ። ከዚያ ዳቦውን አስቀመጠና ፍርፋሪውን ከጢሙ ላይ አራገፈ።

"ምነው? ማነው?"

"አንቺው ነሽ።"

"ሂድ እዚያ!"

ስክሪኑን አዞረላት። ከስምንት ወር በፊት፣ በሥራ ቀን፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ተኩል። አጠገቡ በራሷ እጅ የተጻፈ ማስታወሻ፦ "ለጊዜው ነው። ነገ እመልሰዋለሁ።"

ያን ቀን አስታወሰችው። እናታቸው የዓይን ቀዶ ሕክምና የገቡበት ቀን ነው። እህቷ ከጠዋት ጀምራ ብቻዋን ሆስፒታል ነበረች፤ ጥድፊያ ደግሞ "ይቺን ጨርሼ መጣሁ፣ ይቺን ጨርሼ መጣሁ" ስትል፣ ስድስተኛው አሃዝ ላይ የማይገጥም ፈተና ያዛት። አወረደችውና አረንጓዴ ሲሆን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። እናቷ ደህና ወጡ፣ ሁሉም ደስ አላቸው። ነገም መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ፣ እሷ ግን አልመለሰችውም።

"ነገ ብለሻል" አለ ጢሞ ቀስ ብሎ። "የትኛው ነገ እንደሆነ ግን አልጻፍሽም።"

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ፤ ይቅርታ ማለትም አቃታት። እዚያው ቆማ በጢሞ ኪቦርድ አምስቱን አጠፋችና ዘጠኝ ጻፈች። ወደ ማሽን ክፍሉ ስትመለስ ግድግዳው እየቀላ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ አስር። አርባ አንድ ቀይ መብራት ቆጠረች።

ከአምስት ደቂቃ በኋላ አለቃ ክራቫቱን በግማሽ እንዳሰረ መጣ።

"ምንድነው ይሄ? ማነው ግድግዳውን ያቀላው?"

"እኔ ነኝ አለቃ። አረንጓዴ ያደረግኩትም እኔው ነበርኩ። ቁጥሩ እየተለዋወጠ ነው፤ ስድስተኛው አሃዝ ላይ..."

"ስድስተኛው አሃዝ!" አለ አለቃ። "የኔ እህት፣ እንግዶቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይገባሉ። ስድስተኛ አሃዝ ለማየት ያን ሁሉ መንገድ የሚመጣ ሰው የለም። ፕሮግራሙን ይዘውት ሊሄዱ ነው የሚመጡት!"

"ይዘውት ሊሄዱ?"

"ዛሬውኑ። አሥራ አራት ላብራቶሪ አላቸው። ያንቺን ሥራ በአሥራ አራት ላብራቶሪ!"

"እህቴ ዱቄቱን አስር ሰዓት ላይ ልትከተው ነው አለቃ። በእኔ ቁጥር።"

አለቃ ክራቫቱን መጎተቱን ተወ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ለማንም አትደብቅም። ሌላው ሁሉ "በመጫወቻ ካርድ ሳይንስ ልትሠራልን" እያለ ሲያላግጥባት ከጎኗ የቆመ እሱ ብቻ ነው። ለእነዚህ አራት ካርዶች ስንት ስብሰባ ላይ እንደተሟገተላት ታውቃለች።

"ስሚ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እንግዶቹ አስር ተኩል ላይ ይወጣሉ። እስከዚያ ለጊዜው መልሺው። ለጊዜው ብቻ። ለእህትሽ ደግሞ... ያው ከሁለት አንዱ ነው። ትናንት የነገርሻት ትክክል ሊሆንም ይችላል እኮ።"

ለጊዜው! እምቢ ልትል ፈለገች፤ አፏ አልታዘዝ አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሟገተላት ሰው ፊት ለፊቷ ክራቫቱ ተንጋዶ ቆሟል። ዘጠኙን አጥፍታ አምስት ጻፈች። መብራቶቹ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። አለቃ ትከሻዋን መታ መታ አድርጓት ወጣ።

ኮሪደር ላይ ስትመላለስ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

"እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"ሥራ ላይ ያልሆንሽበት ቀን መቼ አለና! እህትሽ ጭራሽ አታነሳም፣ አንቺ ታነሺና ትሮጫለሽ። ምን ዓይነት ልጆች ናቸው የሰጠኝ እቴ!"

"ምን ሆነሽ ነው?"

"እኔማ ምን እሆናለሁ። እህትሽ ቁርስ ሳትቀምስ ወጣች ልልሽ ነው። ስንት ቀን እንቅልፍ አጥታ ስትገላበጥ አልነበረም? ዛሬ ግን ፊቷ ፈክቶ፣ ምን አለችኝ መሰለሽ? 'እማዬ፣ አልፈራሁም፤ ቁጥሩን የሰጠችኝ ጥድፊያ ናት' አለችኝ።"

ጥድፊያ ቆመች። ኮሪደሩ መሃል፣ አንድ እግሯን አንስታ።

"ሰማሽኝ?"

"ሰምቼሻለሁ እማዬ።"

"ድምፅሽ ምን ሆነ?"

"የማሽኑ ጩኸት ነው" አለችና ዘጋችው። አጠገቧ ማሽን አልነበረም። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ በራሷ አፈረች፣ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ስሌት አለቀ። በዚህኛው ደግሞ ሁለቱም ቅርጾች እኩል ናቸው። ትናንት አንደኛው፣ ጠዋት ሁለተኛው፣ አሁን እኩል። ሳንቲም ወርውሮ መገመት ይሻል ነበር፤ ሳንቲም ቢያንስ ሦስት ሰዓት መብራት አይበላም።

"አልገጠመም" አለች፤ አባባ ዘጠኝ ሳይጠይቋት።

አባባ ዘጠኝ ጋዜጣቸውን አጠፉ። ተነስተው መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ሦስቱን ቁጥሮች አፋቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡ። ይቆጡኛል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች።

"እኔም አንድ ጊዜ ለጊዜው ብዬ ነበር" አሉ።

"እርስዎ?"

"ወጣት ነበርኩ፤ አንቺን አክል ነበር። ስድስት አሃዝ ይበቃል አልኩና መልሱን ለአንድ ጓደኛዬ ሰጠሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌለ ነገር ሲፈልግ ኖረ። ስህተቱ የኔ መሆኑን ሳውቅ ደግሞ... እንዲሁ ዝም አልኩ። እሱም ሥራውን ተወው። አሁን እዚሁ ሰፈር ነው የሚኖረው፤ መንገድ ላይ ሳየው ጫማዬን የማስር መስዬ አጎነብሳለሁ።"

"እስካሁን?"

"ጉልበቴን የሚያመኝ ታዲያ ከምን ይመስልሻል?" አሉና ሳቅ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። "በይ ተይው። አጭሩን ሁሉ ወደ ረጅም ቁጥር ብትመልሺው ፍጥነቱ ስንት ይወጣል?"

በጭንቅላቷ አላሰላችውም፤ ጣቷ ቀድሞ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ትንሽ ቁራጭ ወስዳ ሞከረችው። ሁለቴ አስኬደችው። ሁለቱም ጊዜ ዘጠኙም አሃዝ ገጠመ። ሰዓቱን አየች።

"አስር እጥፍ ገደማ። ሙሉው ስሌት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከአርባ ወደ አስር አባባ! አርባ ብሎ እኮ መግቢያው ላይ ሰቅሎታል!"

"አስር እጥፍ ምን ሆነና? እኔ ሰላሳ ዓመት ሙሉ አንድ እጥፍ ነበርኩ፣ ማንም አልሰቀለኝም።"

ሙሉውን ስሌት በረጅም ቁጥር አስነሳችው። ከዚያ በሩን ለቀቀችና ግቢውን በሩጫ ተሻገረች። ገና ዘጠኝ አልሆነም። ጠርሙሱ እስኪከፈት ከአንድ ሰዓት በላይ አለ።

ላብራቶሪው ውስጥ እህቷ ሁለት እጆቿን ጓንት በተገጠመለት የመስታወት ሳጥን ውስጥ እስከ ክንዷ ከትታ ቆማለች። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የለም፤ ዱቄቱን አየር እንዳይነካው ነው። ጠርሙሱ ተከፍቷል። ክዳኑ ጎኑ ላይ ተቀምጧል፤ ከዱቄቱ ግማሹ ተጨምቆ እንክብል ሆኗል።

"ከፈትሽው!" አለች ጥድፊያ።

"ምድጃው ቀድሞ ሞቀልኝ፤ ምን እጠብቃለሁ አልኩ" አለች እህቷ ፊቷን ሳትመልስ፣ በደስታ። "ነይ እይ፣ እንዴት ያምራል! ምነው ታለከልኪያለሽ? ደግሞ ምን ቸኩሎብሽ ነው?"

"እትዬ፣ እንዳትከቺው።"

"ምን?"

"ትናንት የነገርኩሽ ቁጥር ውሸት ነው። ዛሬ ደገምኩት፣ ሌላ መጣ። እንደገና ደገምኩት፣ ሌላ መጣ።"

የእህቷ እጆች ጓንቱ ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። "እሺ፣ ታዲያ የቱ ነው? አንደኛው ነው ሁለተኛው?"

"አላውቅም።"

ይህችን ቃል ከአፏ ያወጣችበትን ቀን አታስታውስም። ትንሽ ልጅ ሆና እንኳ አስተማሪ ሲጠይቅ ዝም ከማለት የመጣላትን መናገር ይቀላት ነበር። ቀጥላም ሁሉንም ነገረቻት፤ መፈተሻውን ራሷ እንዳላላችው፣ ለጊዜው ብላ እንደጻፈች፣ ቀኑ የትኛው ቀን እንደነበረ፣ ዛሬም ደግማ እንዳላላችው።

እህቷ እጆቿን ከጓንቱ ቀስ ብላ አወጣች። ፊቷ ነጭ ሆኗል።

"የእማዬ ዓይን ቀን" አለች። "ብቻዬን ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ፣ አሁን ትመጣለች፣ አሁን ትመጣለች ስል... ስትመጪ ደግሞ ምን አልሽኝ? 'ሁሉን ጨርሼ መጣሁ' አልሽኝ።"

"አዎ።"

"እኔ እኮ አምኜሽ ነው የከፈትኩት! ሌላ ሰው የሰጠኝ ቁጥር ቢሆን ጠርሙሱን አልነካውም ነበር፣ ገባሽ? ሦስት ሰው ነበር የምጠይቀው!" ድምፅዋ ተሰበረ። "አንቺ ስለሆንሽ!"

ጥድፊያ አንገቷን ደፋች። ማልቀስ አማራት፤ ግን የማልቀስ ተራው የእሷ አልነበረም። እህቷ ፊቷን በክንዷ ጠረገች፣ ወደ ሳጥኑ ዞረች፣ እጆቿን መልሳ ጓንቱ ውስጥ ከተተችና ክዳኑን አንስታ ጠርሙሱ ላይ ገጠመችው።

"ስንት ሰዓት ትፈልጊያለሽ?"

"ሁለቴ ላስኬደው። ነገ በዚሁ ሰዓት።"

"እዚህ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ በላይ አይቆይም። ምድጃው ደግሞ ነገ የሌላ ሰው ነው።"

ተያይዘው ወደ ምድጃው ክፍል ሄዱ። ምድጃውን የሚጠብቀው ሰውዬ ከነገረ ሥራው ሁሉ ቦርዱን ይወዳል። በሩ ላይ የተሰቀለ ነጭ ቦርድ ነው፤ ሰዓት፣ የተረኛ ስም፣ የተላለፈበት ምክንያት ተብሎ በመስመር ተከፍሏል። ምክንያት ሳይጻፍ ተራ አይለወጥም። ጉዳዩን ሲነግሩት ነገሩን በሙሉ እስኪሰማም አልጠበቀ፤ የነገው ተረኛ ወደሚቀጥለው ሳምንት ቢዛወር ቅር እንደማይለው አረጋግጦ ማርከሩን አነሳ።

"ያው የመብራት ችግር እንበለው አይደል?" አለ።

ቦርዱ ላይ ከላይ እስከ ታች ያለው ምክንያት ሁሉ የመብራት ችግር ነው። ዱቄት የደፋም፣ ያረፈደም፣ ሙቀት ያሳሳተም፣ እዚህ ቤት መብራት ጠፍቶበት ነው። ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሰውዬው "የመብ" ብሎ ጽፏል፤ አምፖሉ አናቱ ላይ ቦግ ብሎ በርቷል።

እህቷም "ይሁና" አለች፤ ድካም ነው ያስባላት። "ለአንቺም ይሻላል። አለቃሽ አይሰማም፣ እንግዶቹም አይሰሙም። ነገ ትክክለኛውን ትሰጪኛለሽ፣ አለቀ።"

እውነትም ያልቅ ነበር። ዱቄቱ ተርፏል፣ ለእህቷም ተናግራለች። አለቃ እንግዶቹን በሰላም ይሸኛል። አሥራ አራት ላብራቶሪ ውስጥ ግን ፕሮግራሙ አምስት አሃዝ ብቻ የሚያይ መፈተሻውን እንደያዘ ይገባል። አሥራ አራት ሰው፣ ወይም ከዚያ በላይ፣ ጠርሙሱን ይከፍታል። እሷ አንዳቸውንም አታውቃቸው፤ መንገድ ላይ ብታያቸው እንኳ ከማን ፊት አጎንብሳ ጫማዋን እንደምታስር አታውቅም።

ከኮሪደሩ ጫፍ ብዙ ጫማ ሲራመድ ተሰማ። የአለቃ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፤ "መጀመሪያ ቁሱ የሚሠራበትን ምድጃ አሳያችኋለሁ፣ ከዚያ ወደ ማሽኖቹ እንሄዳለን። አርባ እጥፍ ነው የምላችሁ!"

ጥድፊያ ስልኳን አወጣችና ለጢሞ ጻፈችለት፦ "መፈተሻውን ወደ ዘጠኝ መልሰው።"

ወዲያው መለሰ፦ "አለቃ አውቋል?"

"በስሜ መዝግበው።"

ከዚያ ማርከሩን ከሰውዬው እጅ ወሰደች። "የመብ" የሚለውን በመዳፏ አጠፋችው፤ መዳፏ ጠቆረ። ከምክንያት በታች እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "የኮምፒውተሩ ስሌት የተሳሳተ ነበር። መፈተሻውን ያላላሁት እኔ ነኝ። በመደገም ላይ ነው።" ከሥሩ ስሟን ጻፈች፤ ጥድፊያ ብላ ሳይሆን እውነተኛ ስሟን እስከ አያቷ ድረስ። የምድጃው ሰውዬ አንብቦ ፊቷን አየ። "አንቺ ነሽ እንዴ እሷ?" አለ።

አለቃ እንግዶቹን አስከትሎ ደረሰ። ፈገግ ብሎ እጁን ወደ ምድጃው ዘረጋ፤ ዓይኑ ግን ቦርዱ ላይ አረፈና እጁ አየር ላይ ቀረ። ከእንግዶቹ መሃል መነጽር ያደረጉ ጠና ያሉ ሴትዮ ጠጋ ብለው ቃል በቃል አነበቡት። ሲጨርሱ ከመጀመሪያው ጀምረው ደገሙት።

"ይህ ልናየው የመጣነው ፕሮግራም ነው?" ብለው ጠየቁ።

አለቃ ጥድፊያን አየ። ዓይኑ ይለምናል። አንጀቷን በላት፤ ቢሆንም አልተመለሰችም።

"አዎ፣ እሱ ነው" አለች። "ፍጥነቱም አርባ እጥፍ አይደለም፣ አስር ነው። ዛሬ ይዛችሁት እንዳትሄዱ።"

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"መልሱስ መቼ ይደርሳል?"

"ነገ በዚህ ሰዓት። ሁለቴ ገጥሞ ካየሁት በኋላ።"

አለቃ ክራቫቱን ፈታና ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እህቷ ገና አልበረደላትም፤ ቶሎም አይበርድላትም። ግን በእግሯ አንድ በርጩማ ከጠረጴዛው ሥር ጎተተችና ወደ ጥድፊያ ገፋችው።

"እንግዲህ ተቀመጪ" አለች። "ነገ ሩቅ ነው።"

ጥድፊያ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።